እንግዳ ልታስጠጉ ያሰባችሁ፣ ጠይቁኝ

ጀሞ ኮንዶሚኒየም ጀርባ፣ በእምነታቸው ምክንያት ከኤርትራ የሸሹ ክርስቲያኖችን ማስጠጋት ከጀመርን 6 ዓመት ሆነን። ሁለት ክፍል ቤት ነው። ኪራዩን ዘጠኝ ሆነን እናዋጣለን። ባለፈው ሳምንት ጥያቄ ካላችሁ ላኩ ብዬ ነበር፤ ጎረፈ።

ጥያቄ፦ ኤርትራ እኮ ክርስቲያን የሞላበት አገር ነው። ምን ሆነው ነው የሚሸሹት?

መልስ፦ ይሄ ብዙ ሰው ግራ ያጋባል። በግንቦት 1994 ዓ.ም. መንግሥት ከኦርቶዶክስ፣ ከካቶሊክ፣ ከሉተራንና ከሱኒ እስልምና በስተቀር ሌላውን ሁሉ አገደ። ከዚያ ወዲህ ጴንጤ ሆኖ ቤት ውስጥ ተሰብስቦ መጸለይ ያሳስራል። ማይ ሰርዋን በመሰሉ እስር ቤቶች እስረኞች ኮንቴይነር ውስጥ ታጉረዋል፤ ቀን እንደ ምጣድ የሚግል፣ ሌሊት አጥንት የሚሰብር ብርድ። እኛ ቤት አንዳንዱ እንግዳ በር ተዘግቶ መተኛት አይችልም። ገርበብ አድርጉለት። ለምን ብላችሁ አትጠይቁት።

ጥያቄ፦ እኛ ኦርቶዶክስ ነን። ጴንጤ ብናስጠጋ ሰው ምን ይለናል?

መልስ፦ የኤርትራው ፓትርያርክ አቡነ አንጦንዮስ ራሳቸው በ1998 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሥተው፣ በ2014 ዓ.ም. እስኪያርፉ በቁም እስር ነው የኖሩት። መከራው ሃይማኖት አልመረጠም። የጾም ድስት ለዩ፣ በቃ። የእኛ አከራይ ደግሞ ሐጂ ናቸው። ነገሩን ስንነግራቸው «ነጃሺ የነቢዩን ሰዎች አስጠግቶ የለም እንዴ?» ብለው ቅድሚያ ክፍያውን ተዉልን።

ጥያቄ፦ በሕግ አያስጠይቅም?

መልስ፦ ደብቆ ማስቀመጥ ለሁላችሁም ጣጣ ነው። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 በሃይማኖቱ የተሳደደን ሰው ያውቀዋል፤ ሥጋት ወዳለበት አገር በግድ መመለስንም ይከለክላል። ስለዚህ ሳይውል ሳያድር ወደ ስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት ሄዶ ይመዝገብ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ኤርትራዊ ስለሆነ ብቻ በጅምላ አይታለፍም፤ የእያንዳንዱ ጉዳይ ለብቻው ይታያል። ቀጠሮ ይጓተታል። ከእንግዳው ጋር ወረፋ የሚይዝ አንድ ሰው መድቡ። ለአከራያችሁም ከመጀመሪያው ንገሩ።

ጥያቄ፦ እውነተኛ አማኝ መሆኑን በምን እናጣራ?

መልስ፦ አታጣሩ። ያ የስደተኛውን ጉዳይ የሚያየው መርማሪ ሥራ ነው። እራት አቅርቦ ጥቅስ የሚያስቆጥር ሰው አይቻለሁ፣ አፍሬያለሁ።

ጥያቄ፦ እሁድ መጥተው ምስክርነት ቢሰጡን?

መልስ፦ በዚህ እኔ ጥፋተኛ ነኝ። በሁለተኛው ዓመት አንድ ልጅ መድረክ ላይ እንዲቆም ለመንኩት። እሺ አለ። የሚበላውን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ምን ይበል? አንዱ በስልክ ቀርጾ ፌስቡክ ላይ ለቀቀው። በሳምንቱ አገር ቤት ያለችው እናቱ ተጠርታ «ልጅሽ የት ነው?» ተባለች። ቪዲዮው ቢጠፋም ተዛምቶ ነበር። ልጁ አልተቆጣም። ዝም ብሎ ዕቃውን ሸክፎ ለቡ ወዳለ ጓደኛው ሄደ። አሁን እኛ ቤት ፎቶ ክልክል ነው፤ ለጋሾች «ሪፖርት» ሲሉም ደረሰኝ እንጂ ፊት አንልክም።

ጥያቄ፦ ካናዳ ስፖንሰር እናገኛለን የሚል ሰው ብር ጠየቀን።

መልስ፦ አትስጡ። በካናዳ ፈቃድ ባላቸው ድርጅቶች በኩል ስደተኛ የሚያስመጡበት ሕጋዊ መንገድ አለ፤ ደላላው የሚኖረው በዚያው ስም ነው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ደግሞ ለአገልግሎቱ ሳንቲም አያስከፍልም። እናንተም ብትሆኑ «ውጭ ትሄዳለህ» ብላችሁ ቃል አትግቡ።

ጥያቄ፦ ምን ይዘን እንምጣ?

መልስ፦ ልብስ በቃን፣ ቁምሳጥኑ አልዘጋ ብሏል። ፍራሽና ብርድ ልብስ ያስፈልጋል። የአስቤዛ ብር ከሆነ ለእኔ ሳይሆን በቀጥታ ለእነሱ ስጡ፤ የወደዱትን ራሳቸው ይግዙ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን እባካችሁ አታምጡ፣ ቆጣሪያችን አይችልም።