የግቢ ዛፍን በቦንሳይ ዘዴ መከርከም፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ግቢያችን ውስጥ አራት ሜትር ገደማ የደረሰ ወይራ አለ። ጃፓን አገር እንዳሉት ዛፎች ግንዱ እየታየ ቅጠሉ በየቅርንጫፉ ጫፍ እንደ ደመና እንዲሰበሰብ እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወይራ ለዚህ ሥራ እጅግ ይመቻል፤ ከአሮጌ እንጨት እንኳ ያቆጠቁጣል። ጃፓኖች እንዲህ የተቀረጸውን የግቢ ዛፍ ኒዋኪ ይሉታል። አቆራረጡ ከቦንሳይ (በዕቃ ተተክሎ አንሶ ከሚያዝ ዛፍ) ጋር አንድ ነው፤ የሚለየው ሥሩ ነው። ቦንሳይ በጠባብ ዕቃ ስለሚያዝ እድገቱ ይገታል፤ የእርስዎ ወይራ ግን ሥሩ ነፃ ስለሆነ በየዓመቱ ካልተከረከመ ቅርጹ ይጠፋል።

መቀስ ከማንሳትዎ በፊት ዛፉን ዞረው ይመልከቱና የሚተዉትን ከሰባት እስከ ዘጠኝ ቅርንጫፍ በክር ምልክት ያድርጉበት። ቅርንጫፎቹ በተለያየ ከፍታ፣ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ኋላ ቢሄዱ ጥሩ ነው። በአንድ ከፍታ ላይ ፊት ለፊት የወጡ ሁለት ቅርንጫፎች ካሉ አንዱ ይነሣ፤ አለዚያ ግንዱ እዚያ ቦታ ላይ ያብጣል። የደረቀው፣ እርስ በርሱ የሚፋተገውና ከሥር የሚወጣው ቀንበጥ ቀድሞ ይወገዳል።

በመጀመሪያው ዓመት ከቅጠሉ ከሩብ በላይ አይቀንሱ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። ዛፉ በአንድ ጊዜ ሲራቆት ሽቅብ የሚመዘዙ ቀንበጦች ከየቦታው ያወጣል፤ ጥላ የለመደውም ቅርፊት በፀሐይ ይሰነጣጠቃል።

ከአውራ ጣት የወፈረ ቅርንጫፍ በሦስት ደረጃ ይቆረጣል። ከግንዱ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀው መጀመሪያ ከታች እስከ ሲሶው በመጋዝ ይግቡ፤ ከዚያ ትንሽ ወጣ ብለው ከላይ ይቁረጡ። ይህ ቅርንጫፉ ሲወድቅ የግንዱን ቅርፊት ልጦ እንዳይሄድ ነው። የቀረውን ጉቶ ቅርንጫፉና ግንዱ ከሚገናኙበት እብጠት ውጪ ያንሱት። ቁስሉን የሚዘጋው ያ እብጠት ስለሆነ አይንኩት፤ ቀለምም አይቀቡት።

ቀጥሎ ከተመረጡት ቅርንጫፎች ሥር የተንጠለጠለውንና ለግንዱ የቀረበውን ቅጠል አንስተው ጫፉን ብቻ ይተዉ። ወይራ ቅጠሉን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ነው የሚያወጣው። ስለዚህ ቀንበጡን ከአንድ ጥንድ ቅጠል በላይ ሲቆርጡት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቀንበጥ ይተካል፤ ደመናው የሚጠነክረው በዚህ ነው። የደመናው ታች ጠፍጣፋ፣ ላዩ ጎበጥ ያለ ይሁን። የዛፍ ጉልበት ወደ ላይ ስለሚያደላ የዛፉን አናት በደንብ፣ የታችኞቹን ግን በስሱ ይከርክሙ።

ከባዱን ቆረጣ ከየካቲት መጨረሻ እስከ መጋቢት ይጨርሱት። ክረምት ላይ እርጥብ ቁስል ለበሽታ በር ይከፍታል። ጥቅምት ላይ ቀለል ያለ ማስተካከያ ይበቃል።

ጥያቄ፦ የፈረንጅ ጥዳችንን እንደዚሁ ብንቆርጠው ከተቆረጠበት አልበቅል አለ። ምን እናድርግ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ አይበቅልም። የፈረንጅ ጥድ አረንጓዴ ቅጠል ከሌለው ቡናማ እንጨት አያቆጠቁጥም። ያላችሁ አማራጭ አጠገቡ ያለውን አረንጓዴ ቅርንጫፍ ቀስ በቀስ በገመድ ስቦ ክፍተቱን መሸፈን ነው። ወደፊት ስታሳጥሩት በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ላይ አረንጓዴ ይቅር።

ጥያቄ፦ የጃፓን ሜፕሌን ቅርንጫፍ ለማጉበጥ የጠመጠምኩት ሽቦ ቅርፊቱ ውስጥ ገባ። ልፍታው? (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ አይፍቱት፤ ሲፈታ ቅርፊቱን ይዞ ይነሣል። በሽቦ መቁረጫ እያንዳንዱን ዙር ቆርጠው ቁርጥራጩን ያንሱ፤ ከእንጨቱ ጋር የተዋሐደ ካለ እዚያው ይተዉት። የሜፕል ቅርፊት ስስ ነው፤ በጸደይ ቅርንጫፉ በፍጥነት ስለሚወፍር ሽቦ በየሁለት ሳምንቱ መታየት አለበት። መሬት ላይ ላለ ዛፍ ገመድ ይሻላል፤ ቅርንጫፉን በሚይዝበት በኩል የጎማ ቁራጭ ያስገቡና ገመዱን መሬት ላይ ከተተከለ ካስማ ጋር ይሰሩት። ትልልቅ ቅርንጫፍ መቁረጥ ከፈለጉ ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ ያድርጉት፤ በብርዱ ወራት ማብቂያ ላይ ከተቆረጠ የዛፉ ፈሳሽ ለቀናት ይንጠባጠባል።