ሊደር የሚበጠሰው ቋጠሮው ላይ ነው፦ የጠየቃችሁኝና መልሶቼ

ሰላም ናችሁ፣ ሰሞኑን የደረሰኝ ጥያቄ ሁሉ ስለ ሊደር ነው፣ ማለት ከወፍራሙ የፍላይ ላይን (የሚወረወረው ዋና ገመድ) ጫፍ እስከ ፍላይዋ መንጠቆ ድረስ ስላለው ቀጭን ክር። ፍላይ የምንለው ላባና ፀጉር የታሰረበትን ሰው ሠራሽ ማጥመጃ ነው። አብዛኛው የመጣው አሜሪካ ያለው ባሕረ ሰላጤ ቼሳፒክ ቤይ ላይ ስትራይፐር የሚባለውን ዓሣ ከሚያጠምዱ ነው፣ እስቲ እንየው።

«ሱቅ ውስጥ ፍሎሮካርቦን የሚባለውን ክር ካልገዛህ ዓሣው ክሩን ያየዋል አሉኝ፣ ዋጋው ግን ከበደኝ። እውነት ነው?»

ወንድሜ፣ በከፊል እውነት ነው። ፍሎሮካርቦን ብርሃን የሚሰብርበት መጠን ከተለመደው የናይለን ክር ይልቅ ለውሃ ስለሚቀርብ ብዙም አይታይም፣ ከባድ ስለሆነ ይሰምጣል፣ ድንጋይ ሲፈትገውም ይችላል። ግን የኛ ቤይ ደፍራሳ ነው፣ የራበው ስትራይፐር ደግሞ ክር አይመርጥም፣ ናይለን ይበቃሃል። ፖፐር የምትባለውን ውሃ ላይ የምትንሳፈፍ ፍላይ የምትጥል ከሆነማ ፍሎሮካርቦን ወደ ታች ይጎትታትና ያበላሽብሃል። እባክህ ቁርጥራጩንም ኪስህ ክተተው፣ ፍሎሮካርቦን ውሃ ውስጥ ቶሎ የሚበሰብስ ነገር አይደለም።

«ርዝመቱስ?»

በሚንሳፈፍ ላይን 9 ጫማ። እኔ የማስረው 5 ጫማ ባለ 40 ፓውንድ (ፓውንዱ ክሩ ሳይበጠስ የሚችለው ክብደት ነው)፣ ከዛ 2 ጫማ ባለ 30፣ ጫፉ ላይ 2 ጫማ ባለ 20 ነው። በሚሰምጥ ላይን ግን 4 ጫማ ባለ 20 ብቻ በቂ ነው፣ ከረዘመ ላይኑ ሰምጦ ፍላይዋ ከላይ ትቀራለች።

«ሁለት ትልልቅ ዓሣ አመለጠኝ፣ ሁለቴም ፍላይዋ ጋ ነው የለቀቀው። ክሩ ነው ወይስ እኔ?»

እህቴ፣ መጀመሪያ የተረፈውን ጫፍ እዪው። እንደ ስፕሪንግ ተጠምዝዞ ከመጣ ክሩ አልተበጠሰም፣ ቋጠሮው ተንሸራቶ ነው የተፈታው። እኔም አንድ ኅዳር ጠዋት እጄ በብርድ ደንዝዞ ቸኩዬ ያሰርኩት ቋጠሮ እንደዛ ሆኖ ነው ዓሣው ጀልባው ስር ደርሶ የሄደው፣ እስካሁን ያንገበግበኛል። ከዛ ወዲህ የማስረው የማይንሸራተተውን ሉፕ (ቀለበት የሚሠራ ቋጠሮ) ነው፣ በሰፊው ያስተዋወቀውም የሜሪላንዱ ፍላይ አጥማጅ ሌፍቲ ክሬ ነው፣ በ1925 ፍሬድሪክ ውስጥ የተወለደው።

ክሩ ጫፍ አካባቢ ላላ ያለ ተራ ቋጠሮ ትሠሪያለሽ፣ አታጥብቂው። ጫፉን በመንጠቆው ቀዳዳ ታሳልፊና ቅድም በወጣበት በኩል መልሰሽ ቋጠሮው ውስጥ ታስገቢዋለሽ፣ ከዛ ዋናውን ክር 4 ጊዜ ትጠመጥሚና (ለባለ 20 ፓውንድ ማለቴ ነው፣ ክሩ ከቀጠነ ዙሩ ይጨምራል) ጫፉን አሁንም በዛው በኩል ትመልሺዋለሽ። አሁን ዋናው ነገር፦ ምራቅሽን አስነኪውና ቀስ ብለሽ ሳቢው። ደረቁን ከሳብሽው ፍትጊያው ያሞቀዋል፣ ናይለን ደግሞ ሲሞቅ ይደክማል፣ ጥፍርሽን ብታስኬጂበት ሻካራነቱ ይታወቅሻል። ሻክሮ ካገኘሽው ቆርጠሽ እንደገና እሰሪ፣ ዓሣ እየዘለለ ቢሆንም እንኳ።

«ብሉፊሽ የሚባለው ዓሣ ፍላዬን ቆርጦ ሄደ።»

ጥርሱ ነው፣ ናይለኑን አትውቀሰው። ፍላይዋ ፊት 6 ኢንች የምትቋጠር ቀጭን ሽቦ ጨምር።

«ልጆቼ ፍሎሪዳ ኪይስ ደሴቶች ወስደው ታርፖን የሚባለውን ትልቅ ዓሣ ሊያስጠምዱኝ ነው፣ የቤዩ ሊደር ይሆነኛል?»

አይሆንም አባቴ። የታርፖን አፍ ሞረድ በለው፣ ባለ 20ውን እየፈተገ ይጨርስብዎታል፣ ስለዚህ መጨረሻው ላይ ባለ 60 ፓውንድ ፍሎሮካርቦን ይቀጠላል፣ እዚህ ጋ ዋጋው ይገባዋል። ሪከርድ ለማስመዝገብ ካሰቡ የዓለም አቀፉ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር የአይጂኤፍኤ ሕግ ያ ወፍራም ክር ቋጠሮው ጭምር ተለክቶ ከ12 ኢንች እንዳይበልጥ፣ ከሱ በላይ ያለው ቀጭን ክር ደግሞ ቢያንስ 15 ኢንች እንዲሆን ነው የሚለው። ለመዝናናት ከሆነ 2 ጫማ ያድርጉት፣ ሦስት አራቱን እዚሁ ቤት በብርሃን አስረው ይዘው ይሂዱ፣ ጀልባ ላይ ነፋሱ እጅ አያሠራም።