ቪዲዮህን እንዳታጠፋ! እኔ አጥፍቼ አይቻለሁ

አብሽር ወንድሜ። «በ20 ማይክሮን ቦይ ደም ሳሳልፍ ቀይ ሕዋሶቹ መሃል መሃሉን ይሄዳሉ። ኮምፒውተር ላይ ባሰላሁት ሲሙሌሽን ግን ከለቀቅኳቸው መስመር ንቅንቅ አይሉም። የቱ ነው የተሳሳተው?» ብለሃል። ቪዲዮህ ልክ ነው።

1. ሕዋሱን እንደ ጠጠር ቆጥረህ ነው ያሰላኸው፣ እወራረዳለሁ። በሴኮንድ 1 ሚሊሜትር ብታስኬደው የሬይኖልድስ ቁጥርህ (የፈሳሹ ግፊያ ከዝልግልግነቱ አንጻር ምን ያህል እንደሆነ የሚነግርህ) 0.02 ገደማ ነው። እዚያ ላይ ብቻዋን የምትሄድ ጠንካራ ድቡልቡል ወደ ጎን የምትሸሽበት ምክንያት የላትም። ለስላሳ ሕዋስ ግን ፍሰቱ ቅርጹን ያዛባዋል፣ ከግድግዳው እየራቀ ወደ መሃል ይሄዳል። ጠርዙ ላይ የምታየው ጠራ ያለ መስመር ቆሻሻ አይደለም፤ ሕዋሶቹ የለቀቁት ቦታ ነው። በዚህም የተነሳ ደም በቀጭን ቱቦ ውስጥ እንደሚቀጥን፣ ማለትም ቀለል ብሎት እንደሚፈስ፣ እኮ ተመራማሪዎቹ ፋሬውስና ሊንድክቪስት በ1931 እ.ኤ.አ. ለክተውታል!

2. ደሙ ትኩስ ይሁን። ፍሪጅ ውስጥ የከረመ ሕዋስ እየደደረ ይሄዳል። ከደሴ አስቀድተህ የሃረጎን ዳገት ቁልቁል የምታወርደው ከሆነ በዚያው ቀን ተጠቀምበት። እኔ ሁለተኛ ዙር ደም የፈለግኩት ግን በራሴ ጥፋት ነው። የሦስት ሳምንት ቪዲዮ «ማይክሮስኮፑ ተበላሽቷል» ብዬ ሰረዝኩ። ፍላሹ ሞልቶ ስለነበር እንዲያውም ደስ እያለኝ!

ነገሩ ሲገባኝ አዲስ ቱቦ ልጠይቅ ንብረት ክፍል ሄድኩ። ሰውየው ቀና እንኳ ሳይል «ከፀጉር ለቀጠነ ቱቦ ሞዴል 22፣ የንብረት ወጪ ቅጽ፣ አላበላሽም» አለኝ። ሦስት ቀን በሩ ላይ ቆምኩ። በአራተኛው ቀን ለጓደኛዬ በቴሌግራም ልኬያት የተረፈች የ11 ሴኮንድ ቪዲዮ አሳየሁት። ሕዋሱ ጠባቧ አንገት ጋ ሲደርስ እንደ እንጀራ ታጥፎ ሹልክ ይላል፣ ወዲያ ማዶ ይዘረጋል። 8 ማይክሮን የሚሆን ነገር በ5 ማይክሮን! ሁለቴ አየው።

«ደም ነው?»

«የራሴ ነው» አልኩት።

ፈረመ። ጓንት ግን ከልክሎኛል።

3. ሕዋሱን በስስ ሽፋን የተያዘ ፈሳሽ አድርገህ እንደገና አስላው። ሽፋኑ የሚታጠፍና የሚለጠጥ ይሁን። ኮምፒውተሩን ያዘገየዋል፣ ታገስ። እኔ ማታ ለቅቄው ተኛሁ። ጠዋት ከ11 ሴኮንዷ ቪዲዮ ጎን ከፈትኩት። ሁሉም መሃል ገብተዋል።