ፈንገስን ሁሉ «ሻጋታ»፣ ስፖርን «ዘር» ማለት ያስኬዳል?

ጥያቄ፦ አንድ የባዮሎጂ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። «ፈንገስ» የሚለውን የባዕድ ቃል ትቼ «ሻጋታ»፣ «ስፖር»ንም (ፈንገስ የሚራባበትን ደቃቅ ቅንጣት) «ዘር» ብል ስህተት ይሆንብኛል?

መልስ፦ አዎ፣ ሁለቱም ያሳስታሉ።

«ሻጋታ» ሻገተ ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ እንጀራ፣ ዳቦ ወይም እርጥብ እህል ላይ የሚወጣውን ጸጉራም ወይም ዱቄት መሳይ ነገር ይገልጻል። «እንጉዳይ ሻጋታ ነው» ብለው ቢጽፉ አንባቢ የሚታየው የተበላሸ እንጉዳይ ነው። ስንዴን የሚመታው ዋግ፣ የማሽላ አረማሞ፣ ቆዳ ላይ የሚወጣው ጭርትም ፈንገሶች ናቸው፤ ገበሬው ግን «ስንዴዬን ዋግ መታው» ይላል እንጂ «ሻገተ» አይልም። ለየዓይነቱ ስም አለን፤ ሁሉን የሚጠቀልል ግን ስላልነበረን «ፈንገስ» ገብቶ ቦታውን ይዟል። ይተዉት።

«እርሾ» ላይም ይጠንቀቁ። በቤት እርሾ የሚባለው ከቦካ ሊጥ ላይ የሚቀዳው ቢጫማ ውሃ ነው፤ በውስጡ ከፈንገሱ ሌላ ባክቴሪያም አለ። ጎኑ ላይ ጉጥ እያወጣ ስለሚራባው አንድ ህዋስ ሲጽፉ «የእርሾ ፈንገስ» ቢሉ ይጠራል።

ወደ «ዘር» ስንመጣ፣ ዘር ጽንስና ስንቅ ይዟል፤ ስፖር ግን ብዙውን ጊዜ አንዲት ህዋስ ብቻ ነው። በክረምት ብቅ የሚለው የጅብ ጥላ ስፖር መበተኛው ክፍል ነው፤ ዋናው አካል አፈር ወይም የበሰበሰ እንጨት ውስጥ የተዘረጋ ክር ነው። በሻገተ እንጀራ ላይ የሚታየው አረንጓዴ ዱቄትም ስፖር ነው፤ ክሩ ቀለሙ ከመታየቱ በፊት ወደ ውስጥ ዘልቋል። (ላይ ላዩን ጠርጎ መብላት የማያዋጣው ለዚህ ነው።)

ከሁሉ የሚብሰው ግራ መጋባት ከአምራቾች ጋር ነው። እነሱ «የእንጉዳይ ዘር» የሚሉት ስፖር ሳይሆን፣ ተቀቅሎ ከተህዋስያን በጸዳ የማሽላ ወይም የስንዴ ፍሬ ላይ የተራባ የእንጉዳይ ክር ነው። ይህን ዘር ከጭድ ጋር ቀላቅለው ከረጢት ውስጥ ይጠቀጥቁታል። ጭዱ አስቀድሞ ከ65 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሞቅ ውሃ ውስጥ አንድ ሁለት ሰዓት መቆየት አለበት፤ ከዚያም በእጅ ሲጨመቅ ጥቂት ጠብታ ብቻ እስኪወጣው ይጠነፈፋል። በደንብ ካልሞቀ ጭዱ ላይ የነበረው የሻጋታ ስፖር ከተዘራው ክር ቀድሞ ይበቅልና ከረጢቱ አረንጓዴ ይለብሳል። ውሃ ከበዛበትም አየር አጥቶ ይሸታል። እስቲ «የሻጋታው ስፖር የእንጉዳዩን ዘር ቀደመው» የሚለውን በእርስዎ ቃላት ይጻፉት፤ እንጉዳይም ፈንገስ ስለሆነ «የሻጋታው ዘር የሻጋታውን ዘር ቀደመው» ይሆናል።

ለቀሩት ቃላት አገርኛው ይበቃል። አንዱን ቀጭን ዘንግ «ክር»፣ ክሮቹ ተጠላልፈው የሚሠሩትን አካል «ድር» ቢሉት ሸማኔም ተማሪም ይረዳዎታል።