የሚረግፈውና የማይረግፈው ሲናር፦ ጥያቄና መልስ

ገብስ ውስጥ ስለሚበቅለው ሲናር፣ ማለትም አጃ ስለሚመስለው ሳር፣ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። ሲናር የምንለው አንድ ተክል ብቻ አይደለም። ደጋ ላይ ሁለት የቅርብ ዘመዳሞች አሉ፤ አቬና አቢሲኒካና አቬና ቫቪሎቪያና።

ጥያቄ፦ በምን ልለያቸው?
መልስ፦ ወንድሜ፣ ሲደርሱ ዘለላውን መዳፍህ ላይ አራግፈው። ቫቪሎቪያና ከሆነ ፍሬው ገና ሲነካ አንድ በአንድ ይወርዳል፤ ሥሩ ላይ የተላቀቀበት ሞላላ ጠባሳ ይታይሃል። አቢሲኒካ ካልተወቃ አይለቅም፤ ብትጎትተው ተሰብሮ ነው የሚወጣው። የቫቪሎቪያናን ጢም፣ ከፍሬው ላይ የወጣውን ረጅም ቀጭን ፀጉር፣ በውሃ አርጥበህ ተመልከተው፤ ቀስ እያለ ይዞራል። ዝናብ ሲመጣ ዘሩ አፈር ውስጥ የሚገባው እንዲህ እየተጠማዘዘ ነው።

ጥያቄ፦ ቡቃያ ሳሉስ?
መልስ፦ ሁለቱን በዓይን ለመለየት አትልፊ። ከገብስ ግን ትለያቸዋለሽ፤ የገብስ ቅጠል ግንዱን የሚያቅፍበት ላይ ጥፍር የሚመስሉ ሁለት ጆሮዎች አሉት፣ ሲናር የለውም።

ጥያቄ፦ ከሱቁ አጃ ጋር አንድ ናቸው?
መልስ፦ አይደሉም። የሱቁ አጃ በእያንዳንዱ ሕዋሱ ውስጥ 42 ክሮሞሶም (ዘር የሚወረስበት ክር) አለው፣ እነዚህ 28። ሁለቱ ሲናሮች ግን እርስ በርስ ይዳቀላሉ፤ ስለዚህ ግማሹ የሚረግፍ ግማሹ የማይረግፍ ዘለላ ብታገኝ አትገረም።

ጥያቄ፦ ቫቪሎቪያና ምን ማለት ነው?
መልስ፦ በ1927 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ መጥቶ ዘር የሰበሰበው ሩሲያዊ ኒኮላይ ቫቪሎቭ መታሰቢያ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ ከገብሱ ጋር ትፈጨዋለች። ይጎዳል?
መልስ፦ አይጎዳም። የደጋ ገበሬ ከገብስ ጋር ለእንጀራም ለጠላም ሲያውለው ኖሯል። ጎተራ የሚገባው ደግሞ በአብዛኛው አቢሲኒካ ነው፤ ሌላው ማሳው ላይ ረግፎ ቀርቷል።

ጥያቄ፦ በየዓመቱ እነቅላለሁ፣ አልጠፋ አለኝ።
መልስ፦ አባቴ፣ እዚህ ላይ ነው ልዩነቱ የሚጠቅምዎ። አቢሲኒካ የሚመለሰው በራስዎ እጅ ነው፤ አብሮ ታጭዶ፣ አብሮ ተወቅቶ፣ አብሮ ይዘራል። ለዘር የሚያስቀምጡትን ገብስ ከመዝራትዎ በፊት አበጥረውና ለቅመው ያጽዱት። ቫቪሎቪያናን ግን የዘር ጽዳት አያስቆመውም፤ ከአጨዳ በፊት አፈር ውስጥ ገብቷል፣ ዘሩም ሁሉም በአንድ ዓመት አይበቅልም። ሳይረግፍ ይንቀሉት፤ ማሳውንም ባቄላ ዘርተው ያፈራርቁት፤ ባቄላ መሐል ሳሩ ቁልጭ ብሎ ስለሚታይ ለመንቀል ይቀላል። ለስንዴ የሚሸጥ የሳር መድኃኒት ሁሉ ለገብስ እንደማይሆን አደራ ያስታውሱ፤ ገብሱንም አብሮ የሚያቃጥል አለ።