መልስ፦ በኮሎራዶ (አሜሪካ) ባለው የአርካንሳስ ወንዝ ላይ ለራፍቲንግ (በሚፈጥን ወንዝ ላይ በጎማ ጀልባ ለመሄድ) ጁን ወይስ ኦገስት?

ዋና ከማትችለው ባለቤትህና ከ10 ዓመት ልጅህ ጋር ከሆነ ኦገስት ይሁን፤ ያውም ከ15 በፊት። ጁን ላይ የኮሎራዶ ተራሮች በረዶ ስለሚቀልጥ ወንዙ ሞልቶ ይፈጥናል፣ በጣምም ይቀዘቅዛል። ከኦገስት አጋማሽ በኋላ ደግሞ ከላይ ከግድቦቹ የሚለቀቀው ውሃ ይቀንስና ጀልባው ድንጋይ እየነካ ይሄዳል።

ከወንዙ ክፍሎች ብራውንስ ካንየን ደረጃ 3 ነው፤ የወንዝ አስቸጋሪነት ከ1 እስከ 6 ስለሚለካ መካከለኛ ማለት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን ለዘብ ያለውን ቢግሆርን ሺፕ ካንየንን ያዙ። ከሁለቱም የሚከብደውን ሮያል ጎርጅን ለአሁኑ ተዉት።

አደራ፣ የጥጥ ልብስ አትልበሱ። እኔ በጂንስ ገብቼ እስከ መጨረሻው ስንቀጠቀጥ ነበር። ደግሞ ከጀልባ የወደቀ ሰው ለመቆም እንዳይሞክር፤ እግሩ ድንጋይ መሃል ይያዛል። በጀርባው ተንሳፍፎ እግሩን ውሃው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይዘርጋ። ይህንን ለሁለቱም ከመሄዳችሁ በፊት ቤት ውስጥ አሳያቸው።