የማይገባኝን ዳዊት መድገም ይጠቅመኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወለተ ማርያም እባላለሁ። ዓረብ አገር ሰው ቤት ነው የምሠራው። ስወጣ እናቴ የሰጠችኝ ትንሽዬ የግእዝ ዳዊት አለችኝ። ልጅ ሆኜ የኔታ ዘንድ ንባብ ስለተማርኩ ማንበቡን እችላለሁ፤ ትርጉሙን ግን አላውቅም። ማታ ማታ የቻልኩትን ያህል እደግምና ትራሴ ሥር አድርጌያት እተኛለሁ። አብራኝ የምትሠራ እኅት «የማይገባሽን ማንበብ ትርፉ ድካም ነው» ትለኛለች። ሌላዋ ደግሞ ማዳሜ ደመወዜን ይዛ እንዳስቸገረችኝ ስለምታውቅ «መዝሙር 108ን ድገሚባት፣ ከዚያ ታያለሽ» አለችኝ። በወር አበባ ጊዜስ መጽሐፉን መንካት ይፈቀድልኛል? ግራ ገብቶኛልና ያስረዱኝ።

መልስ፦ እኅቴ ወለተ ማርያም፣ ሰላመ እግዚአብሔር ካንቺ ጋር ይሁን። የመጀመሪያዋ ጓደኛሽ ባለችው አልስማማም። ግን ከመሬት ተነሥታም አልተናገረችም። ስለዚህ ከእሷ ልጀምር።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ያለውን ጃንደረባ ታውቂዋለሽ። የንግሥት ህንደኬ ባለሥልጣን፣ የገንዘቧ ሁሉ አዛዥ የነበረው የእኛው አገር ሰው ነው። ኢየሩሳሌም ሰግዶ ሲመለስ ሠረገላው ላይ ተቀምጦ ትንቢተ ኢሳይያስን ያነባል። ድምፁን አሰምቶ ነው የሚያነበው፤ ፊልጶስ ሮጦ ሲደርስ ሰምቶታልና። «የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ብሎ ጠየቀው። ያን የሚያህል ሹም በጥያቄው አልተቆጣም፣ አላፈረምም። «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» አለ። አልገባኝም ብሎ መጽሐፉን አልዘጋውም። ገብቶኛል ብሎም አላስመሰለም። እግዚአብሔር በጋዛው መንገድ ላይ አስተማሪ የላከለት እያነበበ ሳለ ነው። በዚያው መንገድ ተጠምቆ ደስ እያለው ወደ አገሩ ሄደ።

ዮሐንስ አፈወርቅ ስለ ባለጸጋውና ስለ አልዓዛር ሲያስተምር ይህንን ጃንደረባ ምሳሌ አድርጎ ያነሣዋል። ምሥጢሩ ባይገለጥልን እንኳ ከንባቡ ራሱ ቅድስና እናገኛለን ይላል። ግን እዚያ ላይ አያቆምም። ደጋግመህ አንብብ፣ አሁንም ካልገባህ ወደሚያውቅ ሰው ሂድ ብሎ ይመክራል። ለጓደኛሽ ጥያቄ የኔም መልስ ይኸው ነው። የምትደግሚው ከንቱ አይደለም፤ እስከ መጨረሻው ሳይገባሽ መኖር ግን የለብሽም።

የግእዙን ዳዊት ተዪው አልልሽም። ፊደል ቆጥሮ፣ ንባብ ዘልቆ፣ ዳዊት ደግሞ ያደገ ሰው ያንን ጸጋ እንዴት ይጥላል? በቅዳሴ ከወንጌል በፊት ዲያቆኑ የሚያሰማው ምስባክም በአብዛኛው ከዚያው ከዳዊት የወጣ ነው። ነገር ግን ይህችው ቤተ ክርስቲያን ንባብ ብቻ ብትፈልግ ኖሮ የትርጓሜ ቤት ባላቆመች ነበር። ሊቃውንቱ አንዷን ቃል ይዘው «አንድም፣ አንድም» እያሉ ዕድሜያቸውን የሚፈጁት ምእመኑ እንዲገባው ነው። በነህምያ ዘመንም ዕዝራ የሕጉን መጽሐፍ ሲያነብ ሌዋውያኑ በሕዝቡ መካከል ሆነው ያስረዱ ነበር። ሕዝቡ ያለቀሰው ቃሉን ሲሰማና ሲያስተውል ነው። ቅዱስ ጳውሎስም «በመንፈስ እጸልያለሁ በአእምሮም ደግሞ እጸልያለሁ» ይላል። አንዱን ይዞ ሌላውን አልጣለም።

እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። የዕለት ድርሻሽን እንደ ልማድሽ ድገሚ። ከዚያ ውስጥ ግን አንድ መዝሙር ብቻ ምረጪና አስቀድመሽ በአማርኛ አንብቢው። ስልክሽ ላይ ማግኘት ትችያለሽ። ቀስ በይ፤ አንድ ቁጥር ላይ ብትቆሚም ግድ የለም። ከዚያ ወደ ግእዙ ተመለሺ። ቁጥሩ እንዳያደናግርሽ ብቻ ተጠንቀቂ፤ በግእዙ 90 የሆነው በአንዳንዱ አማርኛ 91 ተብሎ ታትሟል። ላንቺ ኑሮ በ120ኛው «ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ» ብትጀምሪ ደስ ይለኛል። 136ኛውንም አንብቢው። ከአገራቸው ተወስደው በባቢሎን ወንዞች አጠገብ ተቀምጠው ያለቀሱ ሰዎች መዝሙር ነው። «የእግዚአብሔርን ዝማሬ በባዕድ ምድር እንዴት እንዘምራለን?» የሚለውን ሰው ቤት ተቀጥሮ የሚያድር ሰው ከእኔ የበለጠ ይረዳዋል ብዬ አስባለሁ። መጨረሻው ላይ ያለው ቃል ይከብዳል። እሱን ለንስሐ አባትሽ ጥያቄ አድርገሽ ያዢው።

አሁን ወደ ትራሱ። መጽሐፉን ስለምትወጂው፣ የእናትሽም ስጦታ ስለሆነ አጠገብሽ ይሁን ካልሽ ነውር የለበትም። ወንጌሉንስ በቅዳሴ ጊዜ እንሳለመው የለ? «ወረቀቱ ካለ ክፉ አይነካኝም» ካልሽ ግን ከክታብ በምን ይለያል?

በ1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 4 እስራኤል በፍልስጥኤማውያን ሲሸነፉ ምን አሉ? ታቦቱን እናምጣና ከጠላቶቻችን እጅ ያድነን። ታቦቱ መጣ። ምድር እስክትናወጥ እልል ተባለ። በውጊያው ግን ከእስራኤል 30,000 እግረኛ ወደቀ፤ ታቦቱም ተማረከ፤ የካህኑ የዔሊ ሁለት ልጆች አፍኒንና ፊንሐስ ሞቱ። ታቦቱ ቅድስናው ጎድሎ አይደለም። እዚያው ፍልስጥኤም አገር ገብቶ ዳጎን የሚባለውን ጣዖት በግንባሩ ደፍቶታል። እስራኤል ግን ሕይወታቸውን ሳያስተካክሉ እግዚአብሔርን እንደ መሣሪያ ሊያነሡት ፈለጉ። እሱ ደግሞ የማንም መሣሪያ አይሆንም።

ዮሐንስ አፈወርቅ በአንጾኪያ ሲያስተምርም ሴቶችና ልጆች ወንጌልን ለጥበቃ አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉ ነበር። እሱ ምእመናኑን የመከራቸው ትእዛዙን በልባቸው እንዲጽፉት ነው። ነገሩ የእኛ አገር አመል ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ከዚህ በላይ የሚያስደነግጠው ሰይጣን ራሱ መዝሙር 90ን ያውቀዋል። «ዘየኀድር በረድኤተ ልዑል»፣ በልዑል ረድኤት የሚኖር፣ ብለን የምንመካበትን ያንን መዝሙር! ጌታን በቤተ መቅደሱ ጫፍ ላይ አቁሞ «ራስህን ወደ ታች ወርውር» ሲለው የጠቀሰለት ከዚያ ነው፤ መላእክቱን ያዝልሃል፣ በእጃቸው ያነሡሃል እያለ። ጌታችንም ሦስቱንም ጊዜ የመለሰለት ከኦሪት ዘዳግም ነው። ሁለቱም ቃሉን ጠቀሱ። ሰይጣን ቃሉን የጠራው አምላክን ሊያዝበት ነው። ጌታ ግን ሰው ሆኖ፣ ተርቦ፣ ለአባቱ ፈቃድ እየታዘዘ ተናገረው። የመጽሐፍ ቅዱስን ኃይል ስናስብ ይህን ልዩነት መያዝ አለብን። ወደ ዕብራውያን ምዕራፍ 4 ላይ «ሁለትም አፍ ካለው ሰይፍ ሁሉ ይልቅ የተሳለ ነው» የተባለውን ብዙ ሰው ለጠላቱ ይመኘዋል። አረፍተ ነገሩን ግን እስከ መጨረሻው ብታነቢው «የልብንም ስሜትና አሳብ ይመረምራል» ይላል። የማንን ልብ? መጀመሪያ የአንባቢውን።

ታላቁን እንጦንስን ያየሽ እንደሆነ ገና ወጣት ሳለ ግብፅ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ወንጌል እየተነበበ ነበር። «ፍጹም ልትሆን ብትወድ ሂድና ያለህን ሸጠህ ለድሆች ስጥ» የሚለው ቃል ጆሮው ገባ። ለጎረቤቴ ነው የተነገረው አላለም። ለእኔ ነው ብሎ ወጣና ርስቱን ለሰው ሰጠ። አትናቴዎስ የጻፈለት ታሪክ እንደሚለው የተማረ ሰው አልነበረም፤ የሰማውን ግን በልቡ ይይዝ ነበር።

መዝሙር 108ን «ድገሚባት» ያለችሽን እኅት ፈጽሞ አትስሚያት። ስንቱ ሰው በዚህ መዝሙር ተጫውቷል! በዚህ ቀን ይህን ያህል ጊዜ ብትደግሚው እያሉ የሚያስከፍሉም አሉ። ይህ ዳዊት መድገም ሳይሆን ድግምት ነው። ያ ሁሉ ከባድ ቃል የተጻፈው ለኔና ላንቺ ቂም አይደለም። ሐዋርያው ጴጥሮስ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 1 «ሹመቱን ሌላ ይውሰድ» የሚለውን ለይሁዳ የተነገረ ትንቢት አድርጎ ጠቅሶታል። ዳዊትስ ራሱ ምን አደረገ? ሊገድለው የሚያሳድደው ሳኦል በዓይንጋዲ ዋሻ እጁ ላይ ወድቆለት ነበር። የልብሱን ጫፍ ብቻ ቆረጠ። እሱንም ካደረገ በኋላ ልቡ መታው። በዚያው በ108ኛው መዝሙር ውስጥ ጠላቶቹን ቆጥሮ ሲያበቃ «እኔ ግን እጸልያለሁ» ይላል። አንቺ የምትወስጂው ያንን ነው።

ንዴትሽን ግን ከእግዚአብሔር አትደብቂ። ተበድያለሁ በይው፣ አልቅሺለት። መዝሙረ ዳዊት እንዲህ ባለ ልቅሶ የተሞላ ነው። «ለሚያሳድዱአችሁም ጸልዩ» የሚለው ቃል መጀመሪያ አፍሽ ላይ ይመርሻል፤ አውቃለሁ። ቢመርሽም ጸልዪላት።

ለማዳሟ መጸለይ ማለት ደግሞ ደመወዝሽን መተው ማለት አይደለም። «የሠራተኛው ደመወዝ ሳይከፈል አይደር» ብሎ ያዘዘው ያው መጽሐፍ ነው፤ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ላይ ታገኚዋለሽ። ውልሽን ፎቶ አንሥተሽ ያዢ። ያልተከፈለሽን ወር በጽሑፍ መዝግቢ። የአገራችን ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ባለበት ደውለሽ ወይም ሰው ልከሽ አመልክቺ። ጸልየሽ ማመልከት እምነት ማነስ አይደለም። ጳውሎስ ራሱ ሲጨንቀው ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል።

የወር አበባውን ጉዳይ በአጭሩ ልመልስልሽ። በዚያ ጊዜ ቤተ መቅደስ ገብቶ መቁረብ የለም እንጂ ቤትሽ ሆነሽ መጸለይም፣ መጽሐፉን ማንበብም አይከለከልም። ሌላውን ዝርዝር የንስሐ አባትሽ ይነግሩሻል፤ በስልክም ቢሆን አትራቂያቸው።

አንድ ነገር ላክልልሽ። ያቺ «ትርፉ ድካም ነው» ያለችሽ ጓደኛሽ ማንበብ የምትችል ከሆነ አትቀየሚያት። ማታ ሥራ ስትጨርሱ አማርኛውን እሷ ታንብብ፣ አንቺ ግእዙን ድገሚ። የማይገባችሁ ነገር ሲገጥማችሁ ምዕራፉንና ቁጥሩን ጽፋችሁ ላኩልኝ።